ስለ አሮጌ መኪና ሻንሲ መጠገንና ማጠንከር
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከንብረት ኮሚቴ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ላይ «ያቺን መኪና ስንት ጊዜ ነው የምታስበይዷት?» ተብለን መጠየቃችን ይታወሳል። ጥያቄው ተገቢ ነበር። እኛ ግን ያን ጊዜ መልሱን በወጉ አላወቅነውምና «ጋራዡ ያውቃል» ብለን አለፍነው። ዛሬ የምናቀርበው ቃል ለዚያ ጥያቄ የሚሆን መልስ ነው። በሰፈራችን ላዳም፣ ቮልስዋገንም፣ አሮጌ ፒክ አፕም ይዞ የሚያድር ሰው ብዙ ስለሆነ ከእድሩ ጉዳይ አልፎ ለየግላችሁም ሳይጠቅም አይቀርም በማለት ጸሐፊያችን ንግግሩ በመጽሔታችን ላይ እንዲወጣ ጠይቆናል።

በመጀመሪያ የሆነውን እንናገር። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የአንዲት አባላችን እናት ዐርፈው ቀብራቸው እንጦጦ ማርያም ነበር። ላንድሮቨራችን አስከሬኑንና ስድስት ሰዎች ይዛ ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ዳገቱን ጀመረች። ገና መንገዱን ሳታጋምስ ከሥር «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሾፌሩ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ስትጎትተው ተሰማውና ቀስ ብሎ አቆመ። ወርደን ብናይ የቀኙ የሻንሲ ብረት፣ የኋላው ባሌስትራ ከፊት በኩል ከሚታሰርበት ዘንድ፣ አፉን ከፍቷል። ምን ይደረግ? አስከሬኑን አውርደን፣ ዝናቡ እየወረደብን፣ በትከሻ እየተቀባበልን ወጣን። አባላችን ያን ቀን አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩንም። ቢናገሩን ይሻለን ነበር። ቁልቁል ስትመለስ፣ ሰው ሞልቶባት ቢሆንስ ኖሮ የሚለውን ግን እስከ ዛሬ እናስበዋለን።

ነገሩን ይበልጥ የሚያሳፍረው ያ ቦታ አዲስ ስብራት ያለመሆኑ ነው። በ2012 ዓ.ም. እዚያው አጠገብ ተሰንጥቆ አስበይደነዋል። በ2014 ዓ.ም. እንደገና ተሰንጥቆ እንደገና አስበይደነዋል። ሦስተኛው ይኸው ነው። በያጁን መውቀስ ቀላል ነበር፤ እኛም መጀመሪያ ያደረግነው ይህንኑ ነው። በኋላ ደብተራችንን ስንገልጥ ግን «ወፍራም ብረት ይሁን፣ ዳግመኛ እንዳይሰበር» ብለን ያዘዝነው ራሳችን ሆነን ተገኘን። በያጁም የታዘዘውን አደረገ፤ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን አንግል ብረት ከሻንሲው ጎን ለጥፎ በየዳልን። እኛም «እንዲህ ነው እንጂ!» ብለን ከፈልን።

ታዲያ ወፍራም ብረት ተደርጎ ለምን ተሰበረ?

መኪናዋ በየዳገቱ፣ በየጉድጓዱ በሄደች ቁጥር ሻንሲው ይታጠፋል፣ ይጠመዘዛል። በዐይን አይታይም እንጂ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባና ሌላው ድንጋይ ሲወጣ ሁለቱ ረጃጅም ብረቶች እንደ እርጥብ ልብስ ይጠመዘዛሉ። ሽቦ በእጃችሁ ወዲያና ወዲህ ስታጥፉት ምን ይሆናል? በመጀመሪያውና በሁለተኛው አይበጠስም፤ በስንተኛው ጊዜ ግን ከታጠፈበት ላይ ቀጭ ይላል። ብረት ይደክማል የሚባለው ይህ ነው። እንግዲህ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነው የላንድሮቨር ላሜራ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ብረት ሲለጠፍ የተለጠፈበት ቦታ ፈጽሞ አይታጠፍም። መኪናዋ ግን መታጠፏን አልተወችም። ስለዚህ መታጠፉ ሁሉ ወፍራሙ ብረት የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ይሰበሰባል። እዚያ ደግሞ የብየዳው እሳት ላሜራውን አድክሞታል። እዚያው ላይ ተሰነጠቀ። እኛ ሻንሲውን ያጠነከርን መስሎን ስንጥቁን ወደፊት ገፋነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ቁራጭ ስንጨምር እንደገና ገፋነው። በመጨረሻው ጥገና ጊዜ ግራሶውንና ጭቃውን አስጠርገን ስናይ ሦስቱ ስንጥቆች አንድ አንድ ስንዝር እየተራራቁ ተደርድረው ነበር።

ይህን ነገር አስቀድመው የነገሩን አንድ የእድራችን አባት ነበሩ። በወጣትነታቸው የትሬንታ ኳትሮ ረዳት ሆነው የሠሩ ናቸው። ወጣቶች ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ትሬንታ ኳትሮ ማለት ጣሊያን በወረራው ዘመን ያመጣው ፊያት 634 የሚባለው የጭነት መኪና ነው፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ለብዙ ዓመት በአገራችን መንገድ ሠርቷል። ዛሬም በጋራዥ የምንጠራቸው ስሞች፣ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ላሜራ፣ ሁሉም የጣሊያንኛ ውርስ ናቸው። እኒህ አባት መኪናዋን ሲያዩ በትንሽ መዶሻ ሻንሲውን ከዳር እስከ ዳር እየመቱ ያዳምጡ ጀመር። ደህናው ብረት ይጮኻል፤ ዝገት የበላው ደግሞ እንደ ካርቶን «ዱብ ዱብ» ይላል። ከዚያም «ልጆቼ፣ ሻንሲ ሐውልት አይደለም። የጭነት መኪና ሻንሲ ትንሽ እንዲወዛወዝ ተብሎ ነው የተሠራው። እንዳይወዛወዝ ካሰራችሁት ያሰራችሁበት ጫፍ ላይ ይቀነጠሳል» አሉን። እኛም «እሺ አባባ» ብለን ሄድንና ወፍራም ብረት አስበየድን። እንዲህ ነው የሆነው።

ከዚህ ላይ ስለ ሻንሲ አሠራር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ላንድሮቨር መጀመሪያ ለሕዝብ የታየው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1948 አምስተርዳም ውስጥ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት አጥሮ ስለነበር ቦዲውን ከአሉሚኒየም፣ ሻንሲውን ግን ከላሜራ ሠሩት። ላሜራዎቹ በአራት ጎን ተበይደው የሳጥን ቅርጽ ይይዛሉ። በመሰላል መልክ ሁለት ረጃጅም ብረቶችና መካከላቸውን የሚያያይዙ አግዳሚዎች ናቸው። ጭነቱን የሚሸከመው ይህ መሰላል እንጂ ከላይ የምናየው ቦዲ አይደለም።

የሳጥን ቅርጽ ለምን ተመረጠ? እቤታችሁ ገብታችሁ አንድ የጫማ ካርቶን ውሰዱና ክዳኑን አንስታችሁ ጠምዝዙት፤ እንደፈለጋችሁ ይጠመዘዛል። ክዳኑን ገጥማችሁ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉትና እንደገና ሞክሩ፤ እምቢ ይላችኋል። በቁጥር ለማስረዳት ያህል፣ 50 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ቱቦ በቁመቱ ከዳር እስከ ዳር ቢሰነጠቅ፣ መጠምዘዝን የሚቋቋምበት ጉልበቱ ከ400 እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ብረቱ ያው ብረት ነው፤ ክብደቱም አልተቀነሰም፤ አፉ መከፈቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የሳጥኑን አንድ ጎን ዝገት በልቶት ሲከፈት የሚቀረው ሦስት ጎን «ገና ሦስት ሩብ ጉልበት አለው» ማለት አይደለም። የእኛ ላንድሮቨር የታችኛው ጎኗ በአንድ ክንድ ያህል ርዝመት ተበልቶ እንደነበር ያወቅነው ከሦስተኛው ስብራት በኋላ ነው። የእንጦጦ ቀይ ጭቃ በውሃ መውጫው ቀዳዳ ገብቶ ክረምት ከበጋ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ከውጭ ቀለም ተቀብቶ ስታዩት ደህና ይመስላል፤ የሚዝገው ከውስጥ ነው።

መታጠፍን ለመቋቋም ደግሞ ከውፍረት ይልቅ ቁመት ይበልጣል። አናጢዎቻችን ይህን ያውቁታል፤ 5 በ7 የሆነችውን ሞራሌ በጠባቡ ጎኗ አቁመው ሲያጋድሟት በሰፊው ጎኗ ካስተኟት ይልቅ ጥንካሬዋ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። በመጠምዘዝና በመንሻፈፍ ላይ ደግሞ የሚረዳው ሰያፍ ነው። የእድራችንን ድንኳን አስቡት። ምሰሶዎቹን ብቻ ብታቆሙ ነፋስ ሲመጣ አንድ ላይ ይጋደማሉ፤ በሰያፍ የምትወጥሩት ቀጭን ገመድ ነው የሚይዛቸው። ገመዱ ከምሰሶው ይወፍራል? አይወፍርም። ቦታውን ስላገኘ ነው። ለመኪናም እንዲሁ ነው፤ በሚገባው ቦታ የገባ ቀጭን ብረት ያለ ቦታው ከተለጠፈ ወፍራም ብረት ይበልጣል።

አሁን ወደተሠራው ሥራ እንሂድ። በዚህ ጊዜ የሄድንበት በያጅ ገና ብየዳውን ሳይጀምር ሁለት ቀን ሲለካ ዋለ፤ አንዳንዶቻችን «ይኼ ሰውዬ ልብስ ሰፊ ነው እንዴ?» እስክንል ድረስ። መኪናዋን በአራቱ ጎማዎቿ ልክ ደልዳላ ቦታ ላይ አስደግፎ፣ ከግራ የፊት ባሌስትራ መያዣ እስከ ቀኝ የኋላ መያዣ ሲባጎ ወጥሮ ለካ፤ ከዚያም በተቃራኒው ለካ። ሁለቱ ሰያፎች እኩል መሆን ሲገባቸው 2 ሳንቲ ሜትር ተበላለጡ። የመኪናዋ ሻንሲ ከካሬ ወደ ተንሻፈፈ ቅርጽ ሄዷል ማለት ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ የበየድነው ተንሻፎ ሳለ ነው፤ ጠማማነቱን አጸናንለት።

ቀጥሎ ያገኘው ነገር ከሁሉ ይልቅ አናደደን። ካምቢዮው ሲወርድ የሚፈታው፣ በቡሎን የሚታሰረው አግዳሚ ብረት ግማሾቹ ቡሎኖቹ የሉም፤ ያሉትም ዳዷቸው በእጅ ይዞራል። በሆነ ጊዜ ካምቢዮ ወርዶ ሲመለስ በደንብ ሳይታሰር ቀርቷል። ያ አግዳሚ ሁለቱን ረጃጅም ብረቶች አያይዞ መያዝ ሲገባው ለስሙ ተንጠልጥሎ ነበር። እንግዲህ ለጥቂት ቡሎን ስንል ሦስት ጊዜ ስንጥቅ አሳደድን። አሮጌ መኪና ያላችሁ ሁሉ «ሻንሲዬን አጠንክሩልኝ» ከማለታችሁ በፊት ያሉት ቡሎኖች ሁሉ መኖራቸውንና መጥበቃቸውን፣ ጎሚኒዎቹ አለማለቃቸውን እዩ። ብዙ ጊዜ የሻንሲ ድካም የሚመስለው የእነዚህ መላላት ነው።

ከዚያ በኋላ የቀድሞዎቹ ወፋፍራም ብረቶች በሙሉ ተቆርጠው ወጡ። የተበላው የሳጥኑ ክፍል ደህና ብረት እስኪገኝ ድረስ ተቆረጠና በዚያው ውፍረት በሆነ አዲስ ላሜራ በአራቱም ጎን ተዘግቶ ተሠራ። መገጣጠሚያው ላይ ከውጭ ማጠናከሪያ ላሜራ ተጨመረ፤ ነገር ግን ጫፎቹ እንደ ዓሣ ጅራት ተሰንጥቀው፣ ብየዳውም በሰያፍ እንጂ ቀጥ ብሎ ሻንሲውን አቋርጦ እንዳያልፍ ተደርጎ ነው። ምክንያቱን በያጁ ሲያስረዳን፣ ብየዳ ሻንሲውን በቀጥታ ካቋረጠ ልክ እንደ ወረቀት የታጠፈበት መስመር ይሆናል፤ በሰያፍ ከሄደ ግን ጫናው ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ቀስ በቀስ ይሻገራል አለን። ሻንሲው ከላይና ከታች ባለው ጠፍጣፋ ጎን ላይ ቀዳዳ እንዳይበሳም አጥብቆ ተናገረ። ሲታጠፍ አብዝተው የሚጎተቱትና የሚጨመቁት እነዚያ ናቸው፤ መበሳት የግድ ከሆነ የጎኑ መካከል ይሻላል።

ብየዳውም አንድ ስንዝር በዚህ፣ አንድ ስንዝር በዚያ፣ እየተፈራረቀ ነበር። በአንድ ትንፋሽ ከዳር እስከ ዳር ከተበየደ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይጎትታል፣ ሻንሲው እንደ ቀስት ይቀራል። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ሲባጎው እየተወጠረ ይለካ ነበር። ሲያልቅ የሁለቱ ሰያፍ ልዩነት 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆነ።

«ብየዳ ይሻላል ወይስ ቡሎን?» የምትሉ አላችሁ። ሁለቱም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። በቡሎን የሚታሰር ማጠናከሪያ እሳት አያነካውም፣ ሲያስፈልግ ይፈታል፣ ቢሳሳቱም ይነሣል። ነገር ግን ቀዳዳው ልክ ካልሆነ ቡሎኑ ውስጥ ይጫወታል፤ መንገዱ ሲያንቀጠቅጠው ይላላል። የሳጥን ቅርጽ ባለው ሻንሲ ላይ ደግሞ ቡሎኑን ከዳር እስከ ዳር አሳልፈው ሲያጠብቁት ሳጥኑ እንደ ቆርቆሮ ይጨፈለቃል። ስለዚህ ቡሎኑ የሚያልፍበት ቱቦ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ መበየድ አለበት። ተራ ቡሎንም አይበቃም፤ ራሱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር የተጻፈበትን መጠቀም ይገባል። እኛ የካምቢዮውን አግዳሚ በዚህ ዐይነት ቡሎን አሳስረናል፤ የተሰበረውን ረጅሙን ብረት ግን በብየዳ። በሁለቱም መንገድ የሚሠራ ሰው ፈልጉ፤ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ሁሉን ነገር በዚያው ሊፈታው ይፈልጋል።

የላዳ ባለቤቶች ግን ይህን ሁሉ እንደወረደ እንዳትወስዱት። ላዳ ለብቻው የሚወጣ ሻንሲ የላትም፤ ቦዲዋ ራሱ ሻንሲዋ ነው። ይህን አሠራር በ1922 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ላንቺያ ላምብዳ በምትባል መኪናው የጀመረው የጣሊያኑ ፋብሪካ ነው። ላዳም ዘሯ ጣሊያናዊ ነው፤ ፊያት 124ን ሩሲያኖች ለራሳቸው መንገድ ሲሠሩ ላሜራዋን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት። በዚህ ምክንያት ነው ታክሲ ሆና የአዲስ አበባን ኮረኮንች ለስንት ዓመት የቻለችው። ነገር ግን የታወቀ ደካማ ጎን አላት፤ የመሪው ሳጥን በሚታሰርበት የፊት የግራ ብረት ላይ ትሰነጠቃለች። መሪው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ያ ላሜራ ይታጠፋል። ኮፋኖውን ከፍታችሁ፣ አንድ ሰው መሪውን ወዲያና ወዲህ እያለላችሁ ተመልከቱ፤ ሳጥኑ ከነላሜራው የሚወዛወዝ ከሆነ ነገ ሳይሉ መሠራት አለበት። ስንጥቁ ጫፍ ላይ በትራፓኖ ትንሽ ቀዳዳ ተበስቶ እንዳይሄድ ይቆማል፤ ከዚያ ተበይዶ ሰፋ ያለ ላሜራ በላዩ ይደረጋል።

ሌላው የላዳ ጉዳይ ከበሩ ሥር ያለው ደረጃ ነው። ሲበሰብስ ባትላሜራው ጋ ይኬዳል፤ ብዙ ጊዜ መኪናዋን መሀሏን በክሪክ አንሥተው፣ በሮቹን ከፍተው ይቆርጡታል። ያን ጊዜ መኪናዋ እንደ ጀልባ ትጎብጣለች። ተጠግና ስትወርድ በሮቿ አይዘጉም፤ ባትላሜራው ማጠፊያውን ሲመታ ይውላል። ጥፋቱ የማጠፊያው አይደለም። በአራቱ ጎማዎቿ ላይ ቆማ፣ በሮቿ ተዘግተው፣ የበሩ ክፍተት እየተለካ ነው መሠራት ያለበት።

ቮልስዋገንም ቢሆን ወለሉና ቦዲው አብረው ነው የሚሸከሙት። ካርማን የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ ጣሪያቸው የሚታጠፍ ቮልስዋገኖችን ሲሠራ፣ ጣሪያው የሚሰጠው ጉልበት ስለቀረ፣ ከበሩ ሥር ተጨማሪ የብረት ማጠናከሪያ ይበይድባቸው ነበር። ከዚህ የምንማረው ጣሪያ ዝናብ ለመከላከል ብቻ አለመሆኑን ነው። ቮልስዋገን ያላችሁ የኋላውን ወንበር አንሥታችሁ የባትሪውን ወለል እዩ፤ አሲዱ የሚበላው እዚያ ነው።

ስለ እሳት አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። መኪና ሲበየድ ባትሪው ይፈታ፤ የነዳጅ ጋን ይውረድ፤ ምንጣፉና ወንበሩ ይነሣ። «ትንሽ ናት፣ ቶሎ እንበይዳት» የሚባለው ነው ጋራዥ የሚያቃጥለው። ባዶ ነው የሚባለው ጋን በውስጡ ጭሱ ስላለ ከሞላው ይብሳል። የመሬት ሽቦውም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር፤ ሩቅ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው በኩል አልፎ ኩሽኔታውን ይበላዋል።

በመጨረሻ የቀረው የገንዘቡ ነገር ነው። አንዳንድ አባላት መኪናዋ ትሸጥ፣ በየጊዜው እንከራይ ብላችኋል። አስበንበታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎችን ዋጋ አንሮታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ይቺን ሸጠን የምትተካትን መግዛት ለእድራችን አቅም የሚቻል ሆኖ አላገኘነውም። ኪራዩም ቢሆን ሌሊት ሰው ሲሞትና ቀብሩ ኮልፌ ወይም ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ሲሆን ጠዋት በሰዓቱ ይገኛል ብለን ልንፈርምላችሁ አንችልም። የአሁኑ ጥገና የቀደሙት ሁለቱ ተደምረው ከፈጁት በላይ ፈጅቷል፤ ደረሰኞቹ በገንዘብ ያዡ ዘንድ ናቸው። የቀደሙት ሁለቱ ባክነዋል ብትሉን ግን አንከራከርም።

ኮሚቴው ለራሱ የደነገገው ነገር አለ። ከእንግዲህ ክረምት ከመግባቱ በፊትና መስከረም ላይ ሻንሲው ይታጠባል፣ ቡሎኖቹ በቁልፍ ይሞከራሉ፣ ውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ በሽቦ ይጠረጋሉ፣ በውስጡም አሮጌ ዘይት ይረጫል። ከስድስት ሰው በላይ ከአስከሬን ጋር አይሳፈርም፤ ድንኳኑ፣ ድስቱና አግዳሚ ወንበሩ በሌላ ዙር ይሄዳል። በዚህ የምትቀየሙ እንዳላችሁ እናውቃለን።

መኪናዋ አሁን ከዚህ አዳራሽ ጀርባ ቆማለች። አዲሱ ብየዳ ሆን ተብሎ ቀለም አልተቀባም፤ ዝገት መከላከያ ብቻ ነው የተደረገበት፣ ስንጥቅ ቢጀምር እንዲታይ ብለን። ከስብሰባው በኋላ ለማየት የምትፈልጉ ሁሉ ኑ። መሬቱ እርጥብ ስለሆነ ከሥር የሚነጠፍ ካርቶን አዘጋጅተናል። መዶሻውም አለ፤ እኒያ አባታችን ከፊት ሆነው እንዴት እንደሚመታ ሊያሳዩአችሁ ተስማምተዋል።